የዙልሚራ ጓንት

ማቶዚኞሽ ወደብ፤ ገና ሳይነጋጋ፣
ጀልባው ሰርዲን ጭኖ ወደ ግንብ ሲጠጋ፣
የፋብሪካው ጡሩምባ ከየቤቱ ሲጠራን፣
መብራት አብርታ፣ በር ከፍታ፣ እሷ ነበረች የምትቀድመን።
ዙልሚራ። ምክትል ሥራ አስኪያጅ።
ቢሮዋ ፎቅ ላይ ነው፣ ከሴኞር አልቢኖ ደጅ፤
ከጫማዋ ላይ ግን የዓሣ ቅርፊት አይጠፋም፣
ሽታውንም በሽቶ አትሸፍንም።

እኔ ኢዳሊና ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዓሣ ቆርጫለሁ፣
አምስት ምክትል ሲሾም፣ አምስት ሲሻር አይቻለሁ።
አንዱ ሰዓት ይዞ የሽንት ቤቱን ደጅ ይጠብቅ ነበረ፤
አንዱ በገና ዋዜማ ኬክ ቆርሶልን
"እኛ እኮ ቤተሰብ ነን" ብሎ ተናገረ፣
አዲስ ዓመት በባተ በሦስተኛው ቀን ሰባት ሰው አባረረ።
ከዚያ ወዲህ "ቤተሰብ" የሚል አለቃ ስሰማ
ጉሮሮዬን እዳብሳለሁ፣ አጥንት እንደ ዋጠ ሰው።

እሷ በመጣች ዕለት ንግግር አላደረገችም።
"ቢላዋ አያያዝ አስተምሩኝ፣" አለች፣ "አልችልም።"
ሳቅንባት። አሮጌ ጓንቴን ሰጠኋት፣
አውራ ጣቱ ላይ የተቀደደውን፣ ልፈትናት።
እስከ ምሳ ሦስት ጊዜ ደማች፤ አንድ ሙሉ ሣጥን አበላሸች፤
ቢላዋው ዶለዶመ አላለች፣ መብራቱ ደከመ አላለች፤
"አበላሸሁት" አለች።
ይህቺ ቃል፣ ይህቺ አጭር ቃል፣
ከፎቅ ስትወርድ የሰማት ማን አለ በእኛ መሃል?

ከዚያ ስማችንን ያዘች። ከስማችንም አልፋ
የማን ጉልበት በብርድ እንደሚያብጥ፣
የማን ባል ባሕር ገብቶ እንዳልወጣ፤
የኤርሜሊንዳ ቀኝ ጆሮ እንደማይሰማ ደርሳበት
ከማሽኑ ማዶ አዛወረቻት፣ ምንም ሳታወራበት።

ያ ክረምት ሰርዲን ጠፋ። መረቡ ባዶ ወጣ።
የስም ዝርዝር አለ ተባለ፣ አሥራ ሁለት ሰው ሊወጣ።
ፊርሚኖ የፎቁን ቧንቧ ሲጠግን፣ በግድግዳው በኩል
ሰማ፤ ሽማግሌው ጠረጴዛ ሲመታ፣ እሷ ዝግ ብላ ስትል፦
"ይህን እኔ አላነብም። የግድ ይነበብ ካሉም
ከአናቱ የእኔን ስም ያስፍሩ፤ እኔ አልቀየምም።"
ከዚያ ቧንቧው አፏጨ። ፊርሚኖ ሌላ አልሰማም።

በነጋታው ወረደች። ከጠረጴዛችን ፊት ቆመች።
ዓይኗ አብጧል። ወረቀት አልያዘችም።
"አራት ሰው እናሰናብታለን። ወስነናል፣" አለች።
ወስነናል!
"እሱ ወሰነ" ማለት ትችል ነበር፤ ግማሹ እውነት ነው፤
"ስምንቱን እኔ አተረፍኩ" ብትል እጇን ተሻምተን በሳምነው።
አላለችም።
አራቱንም በዝናብ፣ በእግሯ፣ በየቤታቸው ሄዳ ነገረች።
ከአራቱ አንዷ ሉርደስ ናት።
የእህቴ ልጅ።

ዓመት ሙሉ ጠላኋት። ጓንቴን መልሺ አልኳት።
"ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣" አልኳት፣
"ወይ የእኛ ሁኚ፣ ወይ የእሱ!"
ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ፣ ቀና ሳትል፦
"የምከፈለው እኮ ለዚሁ ነው፣ ኢዳሊና፤
ከሁለቱ ዛፍ መሃል ተሰንጥቄ ልውል።"
ሌላ አልጨመረችም። እኔም ሰርዲኔን መቁረጥ ቀጠልኩ።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። በገበያው በኩል ሳልፍ አያታለሁ።
ሉርደስ ዛሬም ሰላም አትላትም፤
ዙልሚራም አስፋልት ተሻግራ አትሸሻትም፤
አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች፣
መልስ ሳትጠብቅ ታልፋለች።
ይቅር አልኳት ወይ? ጠዋት ጠዋት አዎ፤
ሉርደስ ለእራት ስትመጣ፣ እንጃ።

ጓንቱን አልመለሰችም።
ከፋብሪካው በር ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል ይላሉ፤
አውራ ጣቱ በሰማያዊ የመረብ ክር ተጥፎ፣
ስፌቱም፣ ልክ እንደ እሷ አቆራረጥ፣
ትንሽ ወደ ግራ ጠሞ።